የማሬ ሰማያዊ አልጋ

በሩ ሲንኳኳ ማሬ ብሩሿን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ዕለቱ የገበያ ቀን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ገበያ ወርዷል ብላ ነው ሥራዋን የጀመረችው። ይህን ቀን መርጦ የሰው በር የሚደበድበው ደግሞ ምን የጎደለበት ነው? የጓዳውን በር በክርኗ ገፍታ ዘጋችና ቀለም የነካ ቀኝ እጇን ኩታዋ ውስጥ ሸጎጠች። ልጇ አገኘሁሽ መነገር አላስፈለጋትም፤ ነጭ ሽንኩርቱን ከነሚጥሚጣው የጋለ ድስት ላይ ጣለችው። ቤቱን ጢስ ሞላው፣ የቀለሙ ሽታ ድራሹ ጠፋ፣ የእናትና ልጅም እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እመት ማሬ፣ እሳት ልጭር ብዬ ነው።»

ጎረቤት ናት። ማሬ ፍሙን በገል አድርጋ በበሩ ክፍተት በግራ እጇ አቀበለቻት። ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ልታይ ስትል ሚጥሚጣው ጉሮሮዋን ያዛት፤ እያስነጠሰች፣ «ኧረ ምን ዓይነት ወጥ ነው እናንተ ቤት የሚሠራው?» እያለች ሄደች። ማሬ በሩን ቀርቅራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። 

ለመሆኑ ምን ሰርቃ ነው እንዲህ የምትርበደበደው? ምንም! አሮጌ አልጋ ፍቃ ቀለም እየቀባች ነው። ሳቁ እንግዲህ። ግን የዚያን ጊዜ የሰቆጣን ሰው አላወቃችሁትማ። ነገሩ ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አለፍ ሲል የሆነ ነው። ያኔ አራሽ ጨዋ ነው፤ ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ እንጨት የጠረበ ግን ጠይብ ይባላል። ጠይብ ከተባለ ደግሞ አለቀለት፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ልጁን የሚያገባለት አይገኝም። ስለዚህ ጨዋ ነኝ ባዩ የወንበሩ እግር ሲሰበር ተንጋዶ ይቀመጥበታል እንጂ መዶሻ አያነሳም። እኔ ጅልነት ነው እላለሁ። ያኔ ግን እንዲህ ብሎ አፉን የሚከፍት አልነበረም፤ ማሬም አልከፈተችም።

እንጨት ያስነካት ችግር ነው። ባሏ አስማረ ተከዜ በረሃ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣና ሞተ፤ አገኘሁሽ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። በዚያው ክረምት የቤቱ በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። «ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ» ያላት ዘመድ ሁሉ ሳይመጣ ጅብ ደጇ ድረስ መጣ። ደሟ ፈላ። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው የጥይት ሣጥን ላይ ምስማሩን ታግላ ነቀለች፣ የተጣመመውን ድንጋይ ላይ አቃናች፣ በሩን መልሳ መታችው። ገጠመ። ማሬ በሩን ቁጭ ብላ እያየች ሳቀች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማት! የጥይት ሣጥኑ ተፍቆ የልብስ ሣጥን ሆነ። የዘይት ጣሳው ኩራዝ ሆነ። እግሩ የተሰበረው በርጩማ አዲስ እግር አበቀለ፤ መስኮቱ መዝጊያ አገኘ። እንጨቱን በጠርሙስ ስባሪ ትፍቀዋለች፣ በሻካራ ቅጠል ታለሰልሰዋለች፣ ስንጥቁን በሰምና በእንጨት ብናኝ ትደፍነዋለች። ብሩሿ የተቀጠቀጠ ቃጫ በእንጨት ጫፍ የታሰረ ነው። ሰው ከጠየቃት መልሷ አንድ ነው፤ «አስማረ ትቶልኝ የሄደው ነው።» እንዲህ እንዲህ እያለ የሟቹ ሀብት ከሞተ በኋላ በየዓመቱ ይጨምር ጀመር። አንዳንዱማ «አስማረ ለካ ድምፁን አጥፍቶ ባለጸጋ ነበር» ይል ነበር። ነፍሱን ይማረውና አስማረ በሕይወቱ የነበረችው ያችው በርጩማ ብቻ ናት።

ምስጢሩን ከልጇ ሌላ የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ናት፤ የነጋዴው የያሲን ሚስት ሐሊሜ። የሱቃቸው በር በተቀባ ቁጥር የተረፈውን ቀለም በጣሳ ታቆይላታለች።

«እኅቴ፣ አላህ ይህን እጅ የሰጠሽ ደብቂው ብሎ ነው?» ትላታለች።

«አንቺ ሴት ልጅ የለሽም፤ አታውቂውም» ትላለች ማሬ። ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

እና ያች ሴት ልጅ አድጋ ሽማግሌ መጣላት። ልጁ ምንዋጋው ይባላል። ከወንዙ ማዶ ነው፣ ጎበዝ አራሽ ነው፣ ዓይነ አፋር ነው፣ አገኘሁሽም ስሙ ሲነሳ ጎንበስ ትላለች፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የሚያስፈሩት እናቱ ናቸው። እመት ታይቱ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ስምንተኛውን ደግሞ ተጠራጥረው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ቃል በታሰረበት ቀን ሽማግሌው አያ ገበያው እንደ ደንቡ «ልጅቱ ምን ይዛ ትገባለች?» ብለው ሲጠይቁ፣ እመት ታይቱ ቤቱን በዓይናቸው ዙሪያውን ሲመዝኑ ማሬ አየቻቸው። ያ ዓይን አንጀቷን አቃጠለው።

«ልጄ መሬት ላይ አትተኛም! ባለ አራት እግር የወይራ አልጋ ይዛ ትገባለች!» አለች።

አፍ ነዋ! አልጋ ከየት መጥቶ? እሷ ራሷ የምትተኛው መደብ ላይ ነው። ቃል የተገባው ደግሞ በሠርጉ ቀን በሠርገኛው ሁሉ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይጠራል፤ «በሬ፣ ሁለት!» «ሣጥን፣ አንድ!» እየተባለ። ተጠርቶ ያልተገኘ ነገር ለሙሽራዋ ዕድሜ ልኳን መሰደቢያዋ ነው። ማሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

አልጋውን ያገኘችው ደብሩ አጠገብ፣ አባ ገብረ አምላክ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩበት ከነበረ ጎጆ ፍርስራሽ ሥር ነው። ሽማግሌው ክረምት ላይ አርፈው ጣራው ተደርምሷል። የወንድማቸው ልጅ ከጽጽቃ መጥቶ የሚረባ ግንድ ሲለቅም፣ «ያን ሰባራስ?» አለችው። «ውሰጂው፣ ማገዶ ይሁንሽ» አላት፤ ቀና ብሎም አላየው። የሐሊሜን ቦቃ አህያ ተውሳ፣ አልጋውን ፈታትታ፣ በጭድ ሸፍና አመጣችው። መንገዱን ሁሉ ስትስቅ መጣች።

መፋቁ ግን የዋዛ አልነበረም። ጥላሸቱና እድፉ ተጋግሮበታል፤ ጠርሙሱ ጣቷን ቆራረጣት። እንጨቱ ከሥር ቀይ ሆኖ ሲወጣ ልጇን እየጠራች ታሳያታለች። በሁለቱ የጎን እንጨቶች ላይ፣ ከአራቱም እግሮች አጠገብ፣ ገመድ በልቶ ያጎደጎደው ቦታ አገኘች።

«ጥጃ ታስሮበት ይሆናል» አለች።

«በአራቱም በኩል?» አለች አገኘሁሽ።

«አራት ጥጃ ቢኖራቸውስ? እሱን ትተሽ ሰሙን አቅልጪ!» አለች ማሬ። ሥራ ላይ ስትሆን ጥያቄ አትወድም።

ሰሙን ከእንጨት ብናኝ ጋር ለውሳ ጉድጓዱን ሞልታ ደፈነችው፤ በእጅ ቢዳሰስ እንኳ የማይታወቅ ሆነ። ከዚያ ሐሊሜ የሰጠቻትን ሰማያዊ ቀለም በላምባ አቅጥና ደራርባ ቀባችው። ጠፍሩን የወጠረችው አገኘሁሽ ናት። ያች ጎረቤት እሳት ልጭር ብላ ስትመጣ ማሬ የመጨረሻውን እጅ እያስነካች ነበር። ደርቆ ሲያበቃ እናትና ልጅ ፊቱ ቆመው አዩት። እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ ይወጣል ብላ ማሬ አስባ አታውቅም። አገኘሁሽ ልትቀመጥበት ስትል፣ «ተይ! ከእሑዱ ሠርግ በፊት ማንም አይነካውም!» ብላ ጮኸችባት፤ ወዲያው ደግሞ አቅፋ ሳመቻት።

ሐሙስ ማለዳ ከደብሩ በኩል ጩኸት ተሰማ። እማሆይ ወለተ ሐና አርፈዋል። ዘመድ የሌላቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ መነኩሲት ናቸው፤ የማይወዳቸው አልነበረም። እመት ታይቱን ክርስትና ያነሷቸው እሳቸው ናቸውና እመት ታይቱ ደረታቸውን እየደቁ ከወንዝ ማዶ መጡ፤ ምንዋጋውም ከኋላቸው አለ። ማሬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ሐሊሜም መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች፤ ሐዘን ላይ ሃይማኖት የሚለይ የለም።

ሬሳው ተገነዘ፣ ካህናቱ ደረሱ፣ ወንዶቹ ግን አልተነሱም። እዚያም እዚህም መንሾካሾክ ተጀመረ። አንዱ ወደ አባ ገብረ አምላክ ፍርስራሽ ሮጦ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«የለም» አለ።

«እንዴት የለም? የሰፈሩ አልጋ እኮ ነው!» አሉ አያ ገበያው። «አባ ገብረ አምላክን ቀብረን ስንመለስ እዚያው ያስቀመጥኩት እኔው ራሴ ነኝ! የወይራ ነው፤ ጎንና ጎኑን የመሸከሚያው ገመድ የበላው። ማን አባቱ ይወስደዋል?»

ማሬ ሰማች። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት።

የሰፈሩ አልጋ፤ ሬሳ የሚወጣበት። በዚያ አገር ሬሳ የተሸከመ አልጋ ተመልሶ ሰው ቤት አይገባም፤ ሌላ ሬሳ ይጠራል ይባላል። ለዚህ ነው አልጋ ያለው ሁሉ የራሱን የማያውሰው፤ ለዚህ ነው ለሰፈሩ አንድ አልጋ የተለየው፤ አባ ገብረ አምላክም ጠባቂው ነበሩ ማለት ነው። ማሬ በዚያ አልጋ ኋላ ስንቱን አልቅሳ ሸኝታለች! ግን መገነዙም ማንሳቱም የወንድ ሥራ ነው። ሴት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ ከኋላ ነው የምትሄደው፤ አልጋውም እስከ መሬት በጋቢ ይሸፈናል። እንጨቱን አንድም ቀን አይታው አታውቅም። አስማረም የሄደው በእሱ ላይ ነው። ባሏን የወሰደውን አልጋ ለልጇ ጫጉላ ሰማያዊ ቀባችው! 

«ቃሬዛ እንሥራ» አለ አንዱ ጎልማሳ። «ሁለት አጣና በቁርበት ብናስር ይበቃል።»

እመት ታይቱ ብድግ አሉ። «የክርስትና እናቴ እንደ ሞተ በሬ በቆዳ ተጠቅልለው አይወጡም! ሰው ስለሌላቸው ነው? እኔ አለሁላቸው! አልጋውን የወሰደው ይውጣ!»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው በአገውኛ ተንሾካሾኩ። ከወንዶቹ መሐል አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አንድ ነገር አይቻለሁ። የያሲን ቦቃ አህያ ጭድ ተጭና ከዚያ ግቢ ስትወጣ አይቻለሁ። የሚነዳትን ግን ጭዱ ከልሎብኝ አላየሁትም።»

የሰው ዓይን ሁሉ ሐሊሜ ላይ ዐረፈ።

«ሐሊሜ፣ ያንቺው አህያ ናት?» አሉ አያ ገበያው።

«የእኔው ናት።»

«ማን ነው የጫናት?»

ሐሊሜ ወደ ማሬ ዞር አላለችም። «ያሲን አገር የለም። ማን እንደ ጫናት እኔ አልናገርም።»

«አትናገሪም? ጉድ ፈላ! የሙታችንን አልጋ ሸጣችሁታል ማለት ነው?»

«ሱቁ ይፈተሽ!» አለ ሌላው። «ቁልፉን ካልሰጠች በሩን መገንጠል ነው!» ጎበዛዝቱ ዱላቸውን አነሱ። ምንዋጋውም አብሮ ተነሳ።

ማሬ አንድ ቃል ብትናገር እሑድ የለም። የሙት አልጋ ለሙሽራ ያዘጋጀች፣ በዚያ ላይ እንጨት ፋቂ፣ ጠይብ! የትኛዋ እናት ናት ልጇን ለአገኘሁሽ የምትሰጠው? ዝም ብትልስ? ሱቁ ይፈተሻል፣ አልጋ አይገኝም፣ ነገሩ ይበርዳል፣ እማሆይ በቁርበት ይወጣሉ፣ እሑድ ሠርግ ይሆናል። እንዲህ ብላ አሰበች። አሰበች፤ ምን ይደበቃል! ከዚያ በነጠላው ሥር የሐሊሜ እጅ እጇን ጭብጥ አደረገው። ሐሊሜ ከንፈሯን ነክሳ፣ ለእሷ ብላ ሌባ እየተባለች ነው።

«ቆዩ!» አለች ማሬ።  «የማንንም በር አትንኩ። አልጋውን እኔ አመጣላችኋለሁ።»

ሰው አፉን ይዞ ሲቀር ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች።

አገኘሁሽ ቤት ውስጥ የሠርግ ቀሚሷን ጥልፍ ታይ ነበር። ማሬ ቆማ እያለከለከች ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ ቀሚሱን ከጉልበቷ ላይ ጣለችው።

«ዝም ማለት አልቻልሽም?»

«ሐሊሜን ሌባ እያሏት ነው፣ ልጄ።»

«እኔንስ ምን ሊሉኝ ነው? ምንዋጋውስ እዚያ አይደለም? ምን ብለሽ ነው ፊቱ የምታወጪው?» አገኘሁሽ አለቀሰች።

«አላውቅም» አለች ማሬ። «አንዱን ጫፍ ያዢልኝ፤ ብቻዬን አይነሳልኝም።»

አገኘሁሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማሬ አልጋውን ብቻዋን ጎተተችው። እግሩ ደፉ ላይ ተሰንቅሮ ሲጢጥ ሲል፣ ቀለሙ ሲፋቅ ተሰማ። አንድ ጊዜ ጎተተች፣ ደግማ ጎተተች፣ አልወጣ አላት፤ እያለቀሰች ታገለችው። ድንገት ሸክሙ ቀለላት። ልጅቷ ከወዲያ በኩል ይዛዋለች።

«ቀና አድርጊው እንጂ! እግሩን ልትሰብሪው ነው!» አለች አገኘሁሽ በቁጣ፣ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች።

ሁለቱ ሴቶች ሰማያዊውን አልጋ ይዘው ሜዳውን ሲያቋርጡ ልቅሶው ቆመ። አንድ ቄስ አማተቡ። አልጋውን በአያ ገበያው እግር ሥር አሳረፉት።

«ይኸው» አለች ማሬ፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ሳላውቅ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አህያዋን የተዋስኩ እኔ ነኝ። የፋቅሁትም የቀባሁትም እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። ሐሊሜን ተዉአት።»

እመት ታይቱ ቀረብ ብለው አልጋውን አዩ፣ ማሬን አዩ። «በዚህ ላይ ነው ልጄን ልታስተኚው የነበረው?» አሉ። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበር የሚሏት። ከዚያ ማሬ ዕድሜዋን ሙሉ በሩን ዘግታ ስትሸሸው የኖረችውን ቃል ሰው ሁሉ እየሰማ አወጡት። «ጠይብ!»

ማሬ ምንዋጋውን አየችው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። እፍረቱ ከቃሉ ይልቅ አመማት።

«ይህ ይቆየን» አሉ አያ ገበያው። «ሬሳ ፀሐይ ላይ ነው ያለው። ገመድ አምጡ።»

ወንዶቹ መሸከሚያውን አጣና ሊያስሩ ጀመሩ። ገመዱ ግን ቀለሙ ላይ እየተንሸራተተ አልያዝ አለ። አጠበቁት፤ ሲያነሱት ላላ። ወደ ደብሩ የሚያወጣው መንገድ ደግሞ አቀበት ነው፤ ገመዱ እዚያ ላይ ቢለቅስ? «ድሮ የሚገባበት ቦታ ነበረው፣ የት ገባ?» እያሉ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አላገኙትም። ማሬ ቆማ አየቻቸው። ሴት ሬሳ መሸከሚያ አትጠጋም፤ ይህን ታውቃለች። ከዚህ በላይ ግን ምን ሊሏት ነው?

«ቢላ ስጡኝ» አለች።

ማንም አልተነቃነቀም። ምንዋጋው ቢላውን ከወገቡ መዝዞ በእጀታው በኩል አቀበላት። ተንበርክካ ሰሙን ፈለፈለችው፤ በአንዱ እግር፣ በሌላው፣ በአራቱም። ዓይኗን ጨፍና ብትሆን እንኳ ቦታውን አትስተውም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በተዘጋ በር ጀርባ የሠራችውን ሥራ ያን ቀን በአገር ፊት ሠራችው።

«እዚህ ጋ ነው፤ እሰሩት» አለች። ገመዱ ገባ፤ ያዘ።

እማሆይ ወጡ። የነበረው ጋቢ አንድ ብቻ ስለሆነ አልጋውን ሸፍኖ አልጨረሰውም፤ ሰማያዊው ከአራቱም በኩል ይታያል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከዓይናቸው ገለጥ አድርገው እስከ ደብሩ ድረስ እያዩት ሄዱ።

ዓርብ ከወንዝ ማዶ ምንም ወሬ አልመጣም። ማሬ እህል አልቀመሰችም። ቅዳሜ እመት ታይቱ አያ ገበያውን አስከትለው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ። በሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ሣጥኑን አዩ።

«ይህም ሁሉ ያንቺው ነው?»

«የእኔው ነው፣ እመት ታይቱ።»

«ስሚኝ። ከላስታ የመጣ መንገደኛ ጠይብ ነው የሠራልኝ በይ። ያን ዕለት ደንግጬ ነው እኔ ነኝ ያልኩት በይ። ነገ በሽማግሌ ፊት ይህን በመሐላ ተናገሪ፤ ሠርጉ ይሆናል። አለዚያ ልጄን ሌላ እድርለታለሁ።»

«ይሻላል ማሬ» አሉ አያ ገበያው፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ለልጅሽ ብለሽ።»

የሐሰት መሐላ ነው። ቢሆንስ? ነፍሷ እንደፈለገች ትሁን! ከነገ ወዲያ ጠርሙሷንም ብሩሿንም ገደል ትወረውራለች፤ በርጩማው ሲሰበር ተንጋዳ ትቀመጥበታለች። «እሺ» ልትል አፏን ከፈተች።

«እኔ የሠራሁትንስ የትኛው መንገደኛ ነው የሠራው ልትሉ ነው?»

አገኘሁሽ ናት። ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ መጣች፤ ቀለሙ ጥፍሯ ሥር አልለቅ ብሏል። «ሰሙን ያቀለጥኩ እኔ ነኝ። ጠፍሩን የወጠርኩ እኔ ነኝ። እናቴ ብትምል እኔ አልምልም።»

«አንቺ ልጅ! ዝም በይ!» አለች ማሬ።

እመት ታይቱ የልጅቷን እጅ ይዘው ገለበጡት፣ መዳፉን አዩ፣ ጥፍሩን አዩ። «በዚህ እጅ ነው ቤቴ የምትገቢው?»

«ሌላ እጅ የለኝም፣ እመት ታይቱ።»

እመት ታይቱ እጁን ለቀው አያ ገበያውን አስከትለው ወጡ። ማሬ መደቡ ላይ ተዘረጋች። ልጇን ልትቆጣት ፈለገች፤ አልቻለችም። ልትኮራባትም ፈለገች፤ እሱንም ፈራችው።

እሑድ ዳሱ ተጣለ፣ ጠላው ተቀዳ። ሙሽራው በማለዳ ይደርሳል ተብሎ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ ማንም የለም። ዘመዱ ጠላውን ፉት እያለ በጎን ይተያያል። አገኘሁሽ በሠርግ ቀሚሷ ጓዳ ተቀምጣለች። ማሬ ደጅ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች። «ይቅር በይኝ ልጄ» ልትላት ስትገባ ከወንዙ በኩል እልልታ ተሰማ።

መጡ። ሚዜዎቹ መጡ፣ ምንዋጋው መጣ፤ እመት ታይቱም ፊታቸው እንደ ጠቆረ ከፊት ከፊት መጡ። ማሬ ከእሳቸው ፊት ምንም ማንበብ አልቻለችም። ለምን መጡ? ሊያዋርዱን ነው? ሠርገኛው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ አያ ገበያው ለመጥራት ተነሱ። በልጁ በኩል «በሬ፣ ሁለት!» አሉ፤ «ላም፣ አንድ!» አሉ። በልጅቷ በኩል «ሣጥን፣ አንድ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ።

«አልጋ…» አሉ።

 ማሬ ተነሳች። «አልጋ የለም» አለች። «ቃል ገብቼ ነበር፤ የለም።» ከኋላ አንዱ ክትክት ብሎ ሳቀ። አገኘሁሽ በዓይነ ርግቡ ሥር ራሷን አቀረቀረች።

«ማነው የሚስቀው?» አሉ እመት ታይቱ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «የክርስትና እናቴን በምን ተሸክማችሁ እንዳወጣችኋቸው ረሳችሁት? እንደዚያ አምሮ የወጣ ሰው በዚህ ደብር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቤት አልጋው ያነክሳል፣ በሩ ተገንጥሎ በድንጋይ ተደግፏል፤ ሦስት ወንድ ወልጄ አንዱም አልነካውም። ልጅቷ እጇን ይዛ ትገባለች። ምን ይገትራችኋል? ጥሩላት!»

አያ ገበያው ግራ ገባቸው። እንዲህ ያለ ነገር በሠርግ ላይ ጠርተው አያውቁም። ማሬን አዩ፣ ሙሽራዋን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ዳር ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«እጅ፣ ሁለት!» ብለው ጠሩ።